ኮፓው ላይ የታየ ዘይት ሁሉ ከኮፓው አይደለም

መኪናው ባደረበት ሲሚንቶ ላይ ጥቁር ጠብታ ሲታይ ጥርጣሬው ወዲያው ኮፓው ላይ ያርፋል። ያለ ምክንያትም አይደለም። ኮፓ ከሞተሩ ሥር የተንጠለጠለ የዘይት ማጠራቀሚያ ነው፤ በየመንገዱ ጉብታ የሚላጋውም እሱ ነው። ነገር ግን ዘይት በስበት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጣሪያ ሲያፈስ ጠብታው ቆርቆሮው ከተበሳበት ትይዩ ላይወርድ እንደሚችል ሁሉ፣ ከቫልቭ ክዳኑ ወይም ከክራንክሻፍቱ ፓራኦሊዮ የወጣ ዘይትም የሞተሩን ጎን ይዞ ወርዶ ኮፓው ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ኮፓውን ፈተው ሲሊኮን ቀይረው በሳምንቱ ያው ጠብታ የሚመለስባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ምንጩን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቀዘቀዘውን ሞተር ከላይ እስከ ታች በናፍጣና በብሩሽ አጥቦ በሳሙና ውኃ ማለቅለቅና በደንብ ማድረቅ ይቀድማል። ከዚያ የሚጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የሕፃናት ፓውደር ስስ አድርጎ መነስነስ ነው። ሞተሩ ሩብ ሰዓት ያህል ሠርቶ ሲጠፋ ነጩ ፓውደር ላይ ቡናማ መስመር ይታያል። ያንን መስመር ወደ ላይ መከተል፣ የሚጀምርበትን ነጥብ ማየት፤ ፍርዱ እዚያ አለ። ከኮፓው ጠርዝ በላይ ፓውደሩ ነጭ እንደሆነ ከቆየ፣ አሁን ኮፓውን መፍታት ይቻላል። ሥሩ ያለችው የማፍሰሻ ታፖ ግን መጀመሪያ ትታይ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያረጀች ሮንዴላዋ ብቻ ናት።

መጋጠሚያው ለምን ይደክማል? አንዱ ምክንያት ሙቀት ነው። በ1ኤንዜድ ሞተር ላይ፣ ማለትም በብዙ ኮሮላዎችና ያሪሶች ውስጥ ባለው፣ የታችኛው ኮፓ የብረት ሲሆን የሚገጥምበት ክፍል አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በ40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ የሙቀቱ ለውጥ 80 ዲግሪ ቢሆን የሁለቱ ልዩነት ከ0.3 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ሞተሩ በተነሣና በጠፋ ቁጥር ሁለቱ ብረቶች በመካከላቸው ያለውን ማሸጊያ እንዲህ ይጎትቱታል። ሲሊኮን የሚመረጠውም እየተለጠጠ ስለሚከተላቸው ነው። የቡሽ ጓርኒሲዮን ግን ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው እጅ ነው። ዘይት ሲያፈስ ቡሎኑን ጠበቅ ማድረግ የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ኮፓ ላይ ግን ጉዳት ነው። እነዚህ በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈቱ ትንንሽ ቡሎኖች የሚፈልጉት 9 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 6 ኪሎ ያህል ክብደት ማለት ነው። ክንድ ሳያስበው የዚያን እጥፍ ያደርጋል። ያኔ ስሱ ብረት በየቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ይጎደጉዳል፣ በሁለት ቡሎኖች መካከል ደግሞ ይነሣል፤ ዘይቱም በተነሣው በኩል ይወጣል። የወረደ ኮፓ ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ቢጋደም ይህ በግልጽ ይታያል። ጠርዙን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስደግፎ ቀዳዳዎቹን በመዶሻ ቀስ እያሉ ማቃናት ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው የፈለገውን ሲሊኮን ቢቀባ ድካሙ ከንቱ ነው።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ በክሪክ ይነሣና በካቫሌቶ ይደገፋል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን መያዣ ማድረግ ነው፤ በፍጹም አይደረግ። ዘይቱ ለብ ብሎ ሳለ ይቀዳል። ኮፓው በስስ ምላጭ ይላቀቃል እንጂ በካቻቢቴ አይፈለቀቅም፤ አሉሚኒየሙ ላይ የቀረ ጭረት አዲስ መውጫ ይሆናል። አሮጌው ሲሊኮን ተፍቆ፣ ሁለቱም ገጾች እጅ ሲነካቸው ምንም ቅባት እስከማይሰማ ድረስ ይጸዳሉ።

አዲሱ ሲሊኮን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ የማይቋረጥ አንድ መስመር ሆኖ በቡሎን ቀዳዳዎቹ የውስጥ በኩል ይዞራል። ብዙ መቀባት ደግነት አይደለም። የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ቆይቶም ተቆርሶ የዘይት ፓምፑ መምጠጫ ወንፊት ላይ ይለጠፋል፤ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ይነክሳል። ጥቂት ጠብታ ለማስቆም ተብሎ ሞተር የሚጠፋው እንዲህ ነው። ቡሎኖቹ ከመሀል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ በሁለት ዙር ይጠብቃሉ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ይህ ሲሊኮን የሚጠነክረው እንደ ቀለም በመድረቅ ሳይሆን ከአየር እርጥበት ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውህደት ነው። እርጥበቱ የሚገባው ከጠርዝ ብቻ ስለሆነ መጠንከሩ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ፣ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። አንድ ሙሉ ቀን ሳያድር ዘይት ባይሞላ ይመረጣል። ከጠነከረ በኋላም ቡሎኑን ለጥንቃቄ ብሎ እንደገና ማጥበቅ የያዘውን ያላቅቃል።

ሁሉም በትክክል ተሠርቶ ጠብታው ከተመለሰ፣ የሞተሩ የመተንፈሻ ቫልቭ ይታይ። ከፒስተኑ ጎን ወደ ታች የሚያመልጥ ጋዝ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ከተደፈነ ግፊቱ ውስጥ ይጠራቀምና ዘይቱን ባገኘው መጋጠሚያ ሁሉ ይገፋዋል፤ አዲስ ማሸጊያም አያቆመውም።

የተቀዳው አሮጌ ዘይት ወደ ቦይ አይደፋ። በቃጠሎ የተፈጠሩ ካንሰር አምጪ ውሁዶችና የብረት ቅንጣቶች ስላሉበት ሥራው በጓንት ይሠራ፤ ዘይቱም በጄሪካን ተከድኖ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።