ከፔዳሉ ዘንግ እንጀምር

ብስክሌት በአገር ውስጥ ይመረት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ትልቅ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ነው። እኔ ግን መነሻው ጥገና ቤት ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ፤ የብስክሌት ክፍሎች በአሠራር እኩል አይደሉምና። ካቴናን እንመልከት። ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ጎንና ጎኑን የሚይዙት ስስ ብረቶች ከጥቅል ላይ በከባድ ማሽን ተበስተውና ተቆርጠው ይወጣሉ፤ ፒኖቹ ከሽቦ ተቆርጠው በእሳት ይጠነክራሉ። እያንዳንዱ ዓይን 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቢረዝም ካቴናው አንድ በመቶ ተለጥጧል፤ ያኔ ጥርሱን መብላት ይጀምራል። ይህን ልክ ሳያዛንፍ፣ በርካሽም ማውጣት የሚችለው በገፍ የሚያመርት ፋብሪካ ነው። ኩሽኔታም እንዲሁ። ለዕቃ መጫኛ፣ ለመቆሚያና ለተሰበረ ቴላዮ ግን ቱቦ የሚቆርጥና የሚበይድ ባለሙያ ይበቃል። የፔዳል ዘንግ በቶርኖ ይወጣል፤ ከዚያ በእሳት ይጠነክራል። የግራው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጥርሱ ወደ ግራ ካልዞረ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ይላላል።

ከጥገና ቤት የሚነሳው ይህ መንገድ ከዚህ በፊት ተሄዶበታል። የጃፓኗ ሳካይ በጠመንጃና በቢላ አንጥረኞቿ የታወቀች ከተማ ነበረች። ብስክሌት ከውጭ ሲገባ እነዚሁ ባለሙያዎች መጠገን፣ ቀጥሎም የተሰበረውን ክፍል ራሳቸው መሥራት ያዙ። የብስክሌት ክፍሎች አምራቹ ሺማኖ በ1921 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው እዚያው ሲሆን የመጀመሪያ ምርቱ ፍሪ ዊል የሚባለው የኋላ ጥርስ ነበር። የህንዱ ብስክሌት አምራች ሄሮም ሙሉ ብስክሌት ከማውጣቱ በፊት የመለዋወጫ ሥራ ላይ ነበር።

የቻይና ዕቃ ርካሽ ነው የሚል ይኖራል። ለካቴናና ለኩሽኔታ እውነት ነው፤ ይግባ። ከላሊበላ በስተሰሜን በሰቆጣ መንገድ ላይ ላለችው ብልባላ ግን የዘንጉ ዋጋ ሱቅ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ ዕቃው እስኪመጣ ብስክሌቱ የቆመበት ጊዜም ይታሰባል። ብልባላ ያለችበት የላስታ ዳገት ለብስክሌት አይመችም የሚለውም አለው እውነት፤ አገሩ እንደ ባሕር ዳር ሜዳ አይደለም። ቢሆንም ቶርኖው ብስክሌት ብቻ እየጠበቀ አይቀመጥም፤ የወፍጮና የጋሪ ዘንግም ያወጣል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ለብረት ሠሪ ያለን ንቀት ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን አግልለነዋል፤ የብልባላ ጊዮርጊስንና የብልባላ ቂርቆስን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈለው መሮ ግን ከአንጥረኛ እጅ የወጣ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የቀጥቃጭ ልጆችን ፈልገው ያስገቡ፤ ቶርኖ ላይ ሲያቆሟቸውም የመጀመሪያ ሥራቸው የግራ ፔዳል ዘንግ ይሁን።