ስሕተትን የሚለይ መልመጃ

የአራተኛ ክፍል ተማሪ «52 ሲቀነስ 27» ተብሎ 35 ብሎ ቢመልስ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ቢለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2ን ቀንሷል፤ ያልያዘው ከአሥር ቤት መበደርን ነው። ብዙ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ግን ደብተሩ ላይ የሚያገኘው ኤክስ ብቻ ይሆንና ሳይገባው ወደ ማካፈል ያልፋል። በኢንተርኔት የሚሰጡ ጥሩ የሒሳብ ማስተማሪያ ፕሮግራሞች ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያ ልጁ የደረሰበትን በጥያቄ ይለያሉ፤ ከስሕተቱ ተነሥተው የጎደለውን ትምህርት ያቀርቡለታል፤ እስኪይዘውም ያለማምዱታል። የታወቀው ካን አካዳሚ መነሻው ሰልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት ዘመዱን በርቀት ሒሳብ ማስጠናቱ ነበር። በምሥራቅ ጎጃም ቁይ ከተማ ላሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ይህ መሣሪያ ይበጃል ብዬ አምናለሁ፤ የሚበጀው ግን እያንዳንዱን ልጅ ካለበት ደረጃ አንሥቶ ካስተማረ ነው።

ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። ፔሩ ለገጠር ተማሪዎቿ ላፕቶፕ በገፍ አደለች፤ በ319 ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ግን በሒሳብም በቋንቋም የውጤት ለውጥ አላገኘም። በሕንድ ዴልሂ ደግሞ ማይንድስፓርክ የተባለውን ፕሮግራም በመምህር ከሚሰጥ ማጠናከሪያ ጋር ከትምህርት ሰዓት ውጭ የተጠቀሙ ተማሪዎች በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብ ያሳዩት መሻሻል ከሌሎቹ እጥፍ በላይ ሆነ። እዚያ የስድስተኛ ክፍሉ ተማሪ በአማካይ ሁለት ክፍል ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ስለ ነበር፣ ፕሮግራሙ ልምምዱን ከዚያው ጀመረለት። ሐሳቡ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥረውና ዳዊት የሚደግመው በአንድ የኔታ ሥር ይማራሉ፤ የያዘውን ሳይዘልቅ የሚያልፍ የለም፤ የቀደመውም ጀማሪውን ያስቀጽላል።

ኢንተርኔት በሌለበት እንዴት ይሆናል የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ነገር ግን ኮሊብሪን በመሰለ ሥርዓት ትምህርቱን ኔትወርክ ባለበት፣ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ አውርዶ በአንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር መያዝ ይቻላል፤ ክፍል ውስጥ ታብሌቶቹ ያለ ኢንተርኔት ከእሱ ጋር ይገናኛሉ። ወጪው ከበደ ለሚልም የሕንዷ ቫዶዳራ ምሳሌ አለች፤ የአራተኛ ክፍል ልጆች አንድ ኮምፒዩተር ለሁለት እየተጋሩ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ተለማምደው በሒሳብ ጉልህ ብልጫ አሳይተዋል። ትምህርቱ ከቆመ ከዓመት በኋላ ብልጫው በአብዛኛው መጥፋቱ ደግሞ የአንድ ሰሞን ዘመቻ እንደማይበቃ ያስተምራል። ከሁሉ የሚከብደው መምህሩን ያስረሳል የሚለው ስጋት ነው፤ ፕላዝማ የተባለውን የቴሌቪዥን ትምህርት የሚያስታውስ ሁሉ ይረዳዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ ለሁሉም በአንድ ፍጥነት፣ በእንግሊዝኛ ይናገር ነበር፤ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፤ መምህሩም አብሮ ተመልካች ሆነ። ከዚህ የምንማረው ፕሮግራሙ በልጁ ፍጥነት መሄድ፣ በአማርኛ መናገርና የመምህሩን እጅ ማጠንከር እንዳለበት ነው።

ስለዚህ በቁይ ለመጀመር ለሁሉም ልጅ ታብሌት እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም። ጥቂት ታብሌቶች፣ የታወቀ የልምምድ ሰዓትና ውጤቱን የሚያነብ መምህር ይበቃሉ። መምህሯ መበደር ያልያዙት እነማን እንደ ሆኑ ከፕሮግራሙ ካየች፣ በማግስቱ እነሱን ለብቻ ሰብስባ በጠጠር ወይም በእንጨት ታስረዳቸዋለች። በጀት ሲመደብም ለመሣሪያ ግዢ የሚታሰበውን ያህል ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ለሚገጥም የአማርኛ ይዘትና ለመምህራን ሥልጠና ይታሰብ፤ ያለ እነዚህ የሚገዛ ታብሌት የፔሩን ውጤት ከመድገም አያልፍም።