አልሳራ እና ዘ ኑባቶንስ

አልሳራ እና ዘ ኑባቶንስ መቀመጫው በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን የሆነ የሙዚቃ ባንድ ነው። መሪው በሱዳን የተወለደችው ድምፃዊትና የዘፈን ደራሲ አልሳራ ናት። ባንዱ የኑብያን ነባር ዜማ ከዘመናዊ ዘፈን ጋር ያዋህዳል፤ አልሳራም ስልቱን «የምሥራቅ አፍሪካ ሬትሮ ፖፕ» ትለዋለች።

የዘፈኖቹ መነሻ

ኑብያ በደቡብ ግብፅና በሰሜን ሱዳን የናይል ወንዝን ተከትሎ የሚገኝ ምድር ነው። ከ1960 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በተሠራው የአስዋን ታላቅ ግድብ ምክንያት መንደሮቹ በሰው ሠራሽ ሐይቅ ተዋጡ። 50,000 ያህል የግብፅ ኑብያውያን ወደ ኮም ኦምቦ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው የዋዲ ሃልፋ ነዋሪዎች ደግሞ የተከዜ ውኃ ወደሚያልፍበት የአትባራ ወንዝ ዳርቻ፣ ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ፣ ተዛወሩ። ከዚህ መፈናቀልና ለሥራ ወደ ካይሮና ካርቱም ከሚደረገው ስደት «የመመለስ ዘፈኖች» የሚባሉት ተወለዱ። የቀድሞው መንደር በውኃ ሥር ስለቀረ፣ ብዙዎች ወደ ቀያቸው የሚመለሱት በዘፈን ብቻ ሆነ።

የሙዚቃው ባሕርይ

የኑብያ ዜማ እንደ ኢትዮጵያ ቅኝቶች በአብዛኛው በአምስት ድምፆች (ፔንታቶኒክ) የተመሠረተ ነው። ዋና መሣሪያዎቹ ታር የተባለው ባለ አንድ ፊት ከበሮና ክራርን የሚመስለው ኪሲር ሲሆኑ፣ ጭብጨባም ምቱን ይይዛል። ኑባቶንስ በዚህ ላይ ኡድና ቤዝ ጊታር ይጨምራል።

የአልሳራ ሕይወትና ሥራ

አልሳራ በካርቱም ተወለደች። ከ1989 እ.ኤ.አ. የሱዳን መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ቤተሰቧ ወደ የመን ሄደ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. እዚያም የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦችን ሙዚቃ ጥናት (ኤትኖሙዚኮሎጂ) ተማረች።

ባንዱ የተፀነሰው አልሳራና የከበሮ ተጫዋቹ ራሚ ኤል አሰር ስለ መመለስ ዘፈኖች ካደረጉት ውይይት ነው። የመጀመሪያው አልበም «ሲልት» (ደለል) በ2014፣ «ማናራ» በ2016 እ.ኤ.አ. ወጡ። በእነዚህ ሥራዎች በግድብ የተፈናቀሉ ሰዎች ናፍቆት በጦርነት ለተሰደደ ትውልድም መናገሪያ ሆኗል።

አልሳራ በግብፃዊው ሚና ጊርጊስና በኢትዮጵያዊት አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ምክሊት ሀደሮ የተመሠረተው የናይል ፕሮጀክት ተሳታፊም ነበረች። ፕሮጀክቱ የተፋሰሱን አገሮች ሙዚቀኞች በአንድ መድረክ ያገናኘ ሲሆን፣ «አስዋን» የተባለውን አልበም በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትሟል።