የሰፈር ግንባታ እቅድ ሲጸድቅ የእኛ ድምፅ የሚሰማው መቼ ነው?

ፔታህ ቲክቫ ውስጥ በየሽኩናው፣ በየምኩራቡ ደጃፍ፣ በየለቅሶ ቤቱ አንድ ወሬ ይነሣል። «ሰፈራችን ሊፈርስ ነው፤ በቦታው ፎቅ ሊሠራ ነው፤ ኢሪያው ፈቅዷል» ይባላል። አንዱ «ተፈርሟል» ይላል፣ ሌላው «ገና ነው» ይላል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ዛሬ የቤት ግንባታ እቅድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በየትኞቹ እጆች እንደሚያልፍ፣ እኛስ በየትኛው ደረጃ ላይ ተናግረን እንደምንሰማ በተራ ቋንቋ እናስረዳችኋለን።

ከተማዋ ለምን ትገነባለች?

ፔታህ ቲክቫ በ1878 ከኢየሩሳሌም በወጡ አይሁዶች የተመሠረተች የእርሻ መንደር ነበረች። ስሟ «የተስፋ በር» ማለት ሲሆን ከነቢዩ ሆሴዕ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በወባ ምክንያት ትተዋት ሄደው ቆይተው ተመልሰዋል። በ1937 ከተማ ተባለች፤ ዛሬ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል።

መሬቱ ግን ውስን ነው። ስለዚህ ከተማዋ የምታድገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ባዶ ወይም ለሌላ ሥራ የዋለ መሬትን አዲስ ሰፈር ማድረግ ነው። ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ከክፋር ሲርኪን አጠገብ ያለው የሲርኪን የጦር ካምፕ ነው። በእንግሊዞች ዘመን የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ በኋላም የእስራኤል ጦር የመኮንኖች ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት እዚያ ነበር። አሁን ጦሩ ሲለቅ ከ10 ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶች እንዲሠሩበት ታቅዷል።

ሁለተኛው መንገድ የቆዩትን ዝቅተኛ ፎቆች አፍርሶ ረጃጅም መሥራት ነው። ይህ ፒኑይ ቢኑይ የሚባለው ነው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ቀዩ የከተማ ባቡር በዣቦቲንስኪ መንገድ በኩል ስለሚያልፍ፣ ወደ ቴል አቪቭ መድረስ ቀሏል፤ በመስመሩ ዳር ያለው መሬትም ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካል። በ1990ዎቹ መንግሥት ለኢትዮጵያ ኦሊም ልዩ ማሽካንታ ሲሰጥ፣ ብዙ ቤተሰቦች ከካራቫን ወጥተው ቤት የገዙት ዋጋው ዝቅ ባለባቸው በቆዩ ሽኩናዎች ነበር። ዛሬ ለማፍረስ የሚታጩት እንደዚያ ያሉ ሕንፃዎች ናቸው። ለብዙዎቻችን ያ ቤት ለልጅ የምናወርሰው ብቸኛ ሀብት ነው።

እቅዱ የሚያልፍባቸው እጆች

በእስራኤል ማንም ሰው፣ ባለሀብትም ይሁን መንግሥት፣ መሬት ስላለው ብቻ መገንባት አይችልም። ሁሉም በ1965 በወጣው የእቅድና የግንባታ ሕግ ይመራል። ሕጉ ሥራውን በደረጃ ከፍሎታል።

ታችኛው ደረጃ የአካባቢው ኮሚቴ ነው። በዕብራይስጥ ቫአዳ ሜኮሚት ይባላል። ፔታህ ቲክቫን በመሰለ ከተማ ኮሚቴው የሚቋቋመው ከራሱ ከከተማው ምክር ቤት ነው። በምርጫ ጊዜ ድምፃችንን የምንሰጣቸው ሰዎች ስለ ሰፈራችን የሚወስኑትም እነሱ ናቸው ማለት ነው።

ከእሱ በላይ የወረዳው ኮሚቴ፣ ቫአዳ ሜሖዚት አለ። የእኛ ወረዳ የማእከላዊው ሲሆን መቀመጫው ራምላ ነው። ከአካባቢው ኮሚቴ ሥልጣን በላይ የሆኑ እቅዶች የሚጸድቁት እዚያ ነው፤ የአካባቢው ኮሚቴ በእነሱ ላይ ሐሳቡን ብቻ ያቀርባል። «ኢሪያው አጽድቆታል» ሲባል ብዙ ጊዜ ትርጉሙ «ኢሪያው ደግፎ ወደ ራምላ ልኮታል» ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ነገሩ ገና አላለቀም ማለት ነውና።

ሦስተኛው ቫትማል የሚባለው ነው። በ2014 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ ብዙ ቤቶች ያሏቸውን ትልልቅ እቅዶች በፍጥነት የሚያይ አገር አቀፍ ኮሚቴ ነው። የሲርኪን ካምፕ እቅድ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። እዚያ ተቃውሞ የሚቀርብበት ጊዜ ከተለመደው በጣም ያጠረ ስለሆነ የበለጠ ንቁ መሆን ያስፈልጋል።

የእኛ ጊዜ፦ ስልሳ ቀን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እቅድ ከመጽደቁ በፊት ሃፍካዳ የሚባል ደረጃ አለ። ኮሚቴው እቅዱን አይቶ «ለሕዝብ ይታይ» ይላል። ማስታወቂያ በጋዜጣና በኢንተርኔት ይወጣል፤ በቦታው ላይም ምልክት ይተከላል። ያ በሽቦ አጥር ወይም በግንድ ላይ ተሰቅሎ የምናየው፣ በዕብራይስጥ የተጻፈ ሰሌዳ ዝም ብሎ ወረቀት አይደለም። «የምትሉት ካለ አሁን በሉ» የሚል ጥሪ ነው።

በተለመደው መንገድ በሚሄድ እቅድ፣ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ተቃውሞ ለማቅረብ 60 ቀን አለ። በእቅዱ እጎዳለሁ የሚል የመሬት ወይም የቤት ባለመብት ሁሉ ማቅረብ ይችላል። ተቃውሞ ማለት ጠብ ማለት አይደለም። «እቅዱ ይሰረዝ» ማለት ይቻላል፤ «እቅዱ ጥሩ ነው፣ ግን ይህ ይስተካከል» ማለትም ይቻላል።

ሕጉ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ተቃውሞው በጽሑፍ ይሁን፤ ምክንያቱ በዝርዝር ይቀመጥ፤ የተጻፈው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ታጽሂር፣ ማለትም በጠበቃ ፊት የተፈረመ የቃል ማረጋገጫ፣ ይያያዝ። ታጽሂር የሌለው ተቃውሞ ሳይታይ ሊቀር ስለሚችል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ደብዳቤውን ስታስገቡ የተቀበሉበትን ማኅተም ያዙ፣ ወይም በዶአር ራሹም ላኩት።

ከዚያ ኮሚቴው ተቃዋሚዎችን ጠርቶ ይሰማል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ጎረቤቶች ተባብረው አንድ ሰው ቢወክላቸው፣ ዕብራይስጥ የሚያቀላጥፍ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው። ውሳኔ ከተሰጠና ማጽደቁ በጋዜጣ ታትሞ 15 ቀን ካለፈ በኋላ እቅዱ ሕግ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የግንባታ ፈቃድ፣ ሄይቴር ቢኒያ፣ የሚሰጠው በጸደቀው እቅድ መሠረት ነው። ቡልዶዘር ሲገባ ወጥቶ መጮህ እንግዲህ ጊዜው ያለፈበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ምን ብሎ መናገር ይቻላል?

የእቅድ ሥዕል ስታዩ ቀለሞቹን ተመልከቱ። ቡናማው ለሕዝብ ተቋማት የተያዘ ነው፦ ለትምህርት ቤት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለምኩራብ፣ ለአረጋውያን ማእከል። አረንጓዴው መናፈሻ ነው። ቤቶች በእጥፍ ጨምረው ቡናማው ግን እዚያው ከቀረ፣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማኅበረሰቡ ለሐዘንና ለደስታ የሚሰበሰብበት አዳራሽ የት ይሆናል? ሽማግሌ በእግሩ የሚደርስበት ምኩራብና ኩፓት ሖሊም ይኖራል? አውቶቡሱ የት ይቆማል? የእግረኛው መንገድ ለጋሪና ለምርኩዝ ይመቻል? እነዚህ ኮሚቴው ሊመዝናቸው የሚችሉ፣ ከእቅዱ ጋር የተያያዙ ጥያቄዎች ናቸው። «ጎረቤቴ አይወደኝም» የሚል ነገር ግን አይረዳም።

ቤቱ የማይፈርስበት፣ ግን በአጠገቡ በጸደቀ እቅድ ምክንያት ዋጋው የቀነሰበት ሰውም መብት አለው። በሕጉ አንቀጽ 197 መሠረት እቅዱ ከጸና ቀን አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ ካሳ መጠየቅ ይችላል። በአንጻሩ ዋጋው በእቅዱ ምክንያት የጨመረለት ሰው ሄይቴል ሃሽባሓ የሚባል ግብር አለበት፤ መጠኑ የጭማሪው ግማሽ ነው። ውል ስትፈርሙ ይህን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ።

በፒኑይ ቢኑይ ፊርማ ይቀድማል

በፒኑይ ቢኑይ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ኮሚቴው ገና ምንም ሳያጸድቅ ሰዎች ፋይል ይዘው በራችንን ያንኳኳሉ። ሻይ ጠጥተው፣ አንዳንዴም በአማርኛ ሰላምታ ሰጥተው፣ «እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚ እናቴ» ይላሉ።

እንግዳን ማክበር ባህላችን ነው፤ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው። በ2017 የወጣ ሕግ ፊርማ የሚሰበስበውን አደራጅ በርካታ ነገር ያስገድደዋል። ከማስፈረሙ በፊት የሕንፃውን ባለቤቶች ስብሰባ ጠርቶ ማስረዳት አለበት። ዋና ዋናዎቹን ነጥቦችም የቤቱ ባለቤት በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ «አልገባኝም፣ በአማርኛ ይብራራልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ መብት ነው።

«ሁሉም ፈርሟል፣ አንተ ብቻ ቀረህ፣ ይከሱሃል» የሚል ማስፈራሪያም ይሰማል። እውነቱ እንዲህ ነው። በ2006 የወጣ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ ባለቤት በፍርድ ቤት ካሳ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው የፈራሚዎች ብዛት ቀድሞ 80 ከመቶ ነበር፤ በ2021 ወደ 66 ከመቶ ወርዷል። ነገር ግን ሕጉ በቂ ምክንያት ብሎ የሚቀበላቸው አሉ፦ ውሉ የማያዋጣ ከሆነ፣ በግንባታው ጊዜ የሚኖሩበት ቤት ካልቀረበ፣ በቂ የዋስትና ገንዘብ ካልተሰጠ፣ ወይም ልዩ የግል ሁኔታ ካለ።

ለአረጋውያን ደግሞ በ2018 የተጨመረ ጥበቃ አለ። ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ በቤቱ ለሚኖሩ ባለቤቶች ገንቢው ከተለመደው አዲስ ቤት ሌላ አማራጭ ማቅረብ አለበት፤ ከ75 በላይ ሲሆን መብቱ ይሰፋል። አማራጮቹ እንደ ዕድሜው፦ ሌላ ቤት ተገዝቶ አንዴ ብቻ መዛወር፣ ወደ አረጋውያን መኖሪያ መግባት፣ በአንዱ ትልቅ ቤት ፈንታ ሁለት ትንንሽ ቤቶች፣ ወይም ትንሽ ቤትና የልዩነቱን ገንዘብ መውሰድ ናቸው። ይህ ካልቀረበላቸው እምቢታቸው ያለ ምክንያት አይባልም።

ይህ ጥበቃ ትልቅ ትርጉም አለው። እንበልና አንዲት የ78 ዓመት እናት አሉ። ከማፍረስ እስከ ቁልፍ ዓመታት ይፈጃል። ሁለቴ ዕቃ ጭኖ መዛወር፣ ከጎረቤት መለየት፣ ከዚያም በረጅም ፎቅ ላይ ከፍ ያለ ቫአድ ባይትና አርኖና መክፈል ይጠብቃቸዋል። ለወጣት ትርፍ የሆነው ለእሳቸው ሸክም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስንት ሜትር እንደሚያገኙ ብቻ ሳይሆን በየወሩ ስንት እንደሚከፍሉ ይጠይቁ።

ከመፈረም በፊት

ቤቱ በታቡ በማን ስም እንደተመዘገበ አረጋግጡ። ባል ወይም ሚስት ከሞቱ በኋላ ስም ያልተዛወረበት ቤት ካለ የውርስ ትእዛዙን፣ ጻቭ ዬሩሻውን፣ አሁን አስጨርሱ። የነዋሪዎቹ ጠበቃ በነዋሪዎቹ ይመረጥ፤ ክፍያውን ገንቢው ቢሸፍንም ጠበቃው የእናንተ መሆን አለበት። በግንባታው ወራት የቤት ኪራይ ማን እንደሚከፍል፣ ሥራው ቢቋረጥ የባንክ ዋስትና መኖሩን በውሉ ውስጥ አሳዩን በሉ። የፈረማችሁትን ወረቀት ሁሉ ቅጂ ያዙ።

በአሚዳር ወይም በሌላ የመንግሥት ቤት በኪራይ የምትኖሩ ደግሞ፣ ባለቤቱ እናንተ ስላልሆናችሁ ውሉን የሚፈርመው ኩባንያው ነው። እናንተ ግን በግንባታው ጊዜ የት እንደምትኖሩ፣ ኋላስ ወደዚያው ሰፈር ትመለሱ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሳሳች ነገር ተነግሮኛል፣ ተገድጃለሁ የሚል ሰው፣ በመንግሥት የከተማ እድሳት ባለሥልጣን ውስጥ የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚቀበል ኃላፊ አለ። ስለ እቅዱ ራሱ በኢሪያው የምሕንድስና ክፍል መጠየቅ ይቻላል። ልጆቻችሁም የእቅዱን ቁጥር በማስገባት የእቅድ አስተዳደሩ ማባት በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሰነዱን ማየት ይችላሉ። ቁጥሩ በሰሌዳው ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ ነገ ለሻባት ዳቦ ልትገዙ ስትወጡ በአጥሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ቆም ብላችሁ እዩ። ማንበብ ባይሆንላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ለልጅ ላኩ። ከቀኑ ጀምሮ ስልሳ ቁጠሩ። ጎረቤትን ጥሩ፣ ተማከሩ። ያልተማከረ ሰው ብቻውን ይፈርማል፤ የተማከረ ሰፈር ግን አብሮ ይናገራል።

ሰላም ሁኑ።