ባለ ሜዳው በሰው ሜዳ

እግር ኳስ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ኳሱ፥ ስለ ተጫዋቾቹና ስለ ጎሉ ነው፤ ስለ ሜዳው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሊግ የሚባለው የውድድር ዓይነት የቆመው በሜዳ ላይ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ሊግ ማለት እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ጋር ሁለት ጊዜ የሚገናኝበት ሥርዓት ነው፤ ይኸውም አንድ ጊዜ በገዛ ከተማው፥ አንድ ጊዜ ደግሞ በባላጋራው ከተማ ነው። ዋንጫ የሚባለው ውድድር በዕጣም በገለልተኛ ሜዳም ሊካሄድ ይችላል። ሊግ ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው በዚህ በመሄድና በመመለስ ነው። ስለዚህ ከጨዋታዎቹ አንዱን አንሥተን ወደ ሌላ ቦታ፥ ይልቁንም ወደ ሌላ ሀገር ብንወስደው፥ የምናንቀሳቅሰው ኳሱን ብቻ ሳይሆን ሚዛኑንም ጭምር ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአውሮፓ ታላቅ ክርክር ያስነሣው ጉዳይ ይኸው ነው። «ይህ የሀብታሞች ጭቅጭቅ ነው፤ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ሰው ምኑ ነው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሱን ወደ ኋላ እናገኘዋለን፤ አስቀድሞ ግን ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ እንመልከት። (እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።)

1. ነገሩ ከየት ተነሣ

እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2008 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሹማምንት አንድ እቅድ አቀረቡ። በሊጉ 20 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም በዓመት 38 ጨዋታ ያደርጋሉ። እቅዱ በዚህ ላይ 39ኛ ጨዋታ ተጨምሮ በባሕር ማዶ ከተሞች ይካሄድ የሚል ነበር። ደጋፊዎች ተቆጡ፤ ፊፋና የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም አልወደዱትም፤ እቅዱም በመሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ከ10 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የስፔን ላሊጋ ጂሮናና ባርሴሎና የሚያደርጉትን ጨዋታ ወደ አሜሪካ፥ ወደ ማያሚ ከተማ ለመውሰድ ተነሣ። የተጫዋቾች ማኅበርና የስፔን ፌዴሬሽን ተቃወሙ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የፊፋ ምክር ቤት እዚሁ በአህጉራችን፥ በኪጋሊ ከተማ ተሰብስቦ የሊግ ጨዋታ በሊጉ ሀገር ውስጥ መደረግ አለበት የሚል አቋም ያዘ። ባርሴሎናም ከነገሩ ወጣ።

ይሁንና ገንዘብ የሚሸትበት ነገር ቶሎ አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ2025 ቪያሪያልና ባርሴሎና በማያሚ፥ ሚላንና ኮሞ ደግሞ በአውስትራልያ በፐርዝ ከተማ እንዲጫወቱ እቅድ ወጣ። የአውሮፓ ማኅበር በጥቅምት ወር፥ ሳይወድ በግዱና ለወደፊቱ ልማድ እንዳይሆን አሳስቦ፥ ለሁለቱም ፈቀደ። የስፔን ተጫዋቾች ግን ጨዋታ ሲጀመር 15 ሰከንድ ያህል ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ተቃውሟቸውን ገለጹ። በዚያው ወር የማያሚው፥ በታኅሣሥ ደግሞ የፐርዙ ጨዋታ ተሰረዘ።

የሚላንና የኮሞ ጉዳይ ከሌሎቹ ጥቂት ይለያል። የሚላን ስታዲየም በየካቲት ወር 2026 ለክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ በዓል ስለሚያዝ፥ ጨዋታው ለጊዜውም ቢሆን ሌላ ሜዳ መፈለጉ አልቀረም ነበር። ነገር ግን በዚያው በኢጣሊያ ሌላ ሜዳ መፈለግና ዓለምን አቋርጦ አውስትራልያ መውረድ አንድ አይደሉም።

2. ሕጉ ምን ይላል

አንድ የሊግ ጨዋታ ከሀገር ይውጣ ቢባል የብዙ ወገኖች ፈቃድ ያሻል። የሀገሩ ፌዴሬሽን፥ ጨዋታውን የሚቀበለው ሀገር ፌዴሬሽን፥ የሁለቱም ሀገሮች አህጉራዊ ማኅበራትና ፊፋ ሁሉም እሺ ማለት አለባቸው። እዚህ ላይ የሊግ ጨዋታንና የዋንጫ ጨዋታን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። የኢጣሊያ ሱፐር ካፕ እ.ኤ.አ. በ1993 በዋሽንግተን ተደርጓል፤ የስፔኑም እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄዷል። በእነዚህ ላይ ጩኸት ቢኖርም የሊጉን ያህል አልሆነም። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ጨዋታ የአንድ ቀን በዓል ነው፤ ነጥብ አይቈጠርበትም፤ የሌላውን ቡድን ዕድልም አይነካም።

የሊግ ጨዋታ ግን የሁሉም ንብረት ነው። አንደኛው ቡድን ባርሴሎናን በገዛ ሜዳው በሕዝቡ ጩኸት ታጅቦ ሲገጥም፥ ሌላው በማያሚ ቢገጥም፥ ሁለቱ አንድ ፈተና ተፈተኑ ሊባል አይችልም። እኛ ተማሪዎች ይህ ሊገባን ይገባል፤ አንዱ ክፍል በቀላል፥ ሌላው በከባድ ጥያቄ ተፈትኖ ውጤቱ በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ዝም ብለን አናልፍም።

የሕዝቡ ድምፅ በእርግጥ ዋጋ አለው ወይ? የሚል ተጠራጣሪ ቢኖር የወረርሽኙን ዘመን ያስታውስ። የጀርመን ቡንደስሊጋ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ያለ ተመልካች ሲቀጥል ባለ ሜዳዎቹ እንደ ቀድሞው ማሸነፍ አቃታቸው። ነገሩን የመረመሩ ሰዎች እንዳገኙት፥ ዳኞች በእንግዳው ቡድን ላይ የሚያሳዩት ቢጫ ካርድ ቀንሶ ነበር። እንግዲህ ተመልካቹ በባዶ ሜዳ የሚጮኽ አይደለም፤ ተጫዋቹን ያበረታል፥ ዳኛውንም ሳይታወቀው ይገፋል ማለት ነው።

3. እኛና የሰው ሜዳ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አውሮፓውያን ለገንዘብ ሲሉ የተጣሉበትን ነገር ኢትዮጵያ በግዷ ስትኖርበት ቆይታለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳዎቻችን መመዘኛውን አያሟሉም ብሎ ስለ ከለከለ፥ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳዬ» ብሎ የተጫወተው በሰው ሀገር ነው። ኅዳር 2 ቀን 2014 ጋናን የተቀበለው በጆሃንስበርግ፥ በኦርላንዶ ስታዲየም ሲሆን አንድ ለአንድ ተለያየ። ኅዳር 5 ቀን 2016 ሴራሊዮንን የተቀበለው በሞሮኮ፥ በኤል ጃዲዳ ነው፤ ያለ ጎልም ተለያየ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የሰኔ 2 ቀን 2014 ጨዋታ ነው። በዚያን ቀን ኢትዮጵያ ግብጽን ሁለት ለባዶ አሸነፈች፤ ጎሎቹን ያገቡትም ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው። ጥር 13 ቀን 1954 ይህችኑ ግብጽን፥ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ የምትባለውን፥ በአዲስ አበባ ስታዲየም አራት ለሁለት አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ከተማው በሙሉ በአንድ ድምፅ ጮኾ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ የመጣው ድል ግን የተገኘው በማላዊ፥ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ባለ ሜዳ ተብለን የተመዘገብን እኛ ነበርን፤ ሜዳው ግን የማላዊ ነበር።

ታሪክም ሌላ አስገራሚ ነገር ያሳየናል። ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ የአስመራና የአካባቢው ቡድኖች በኢትዮጵያ ሻምፒዮና ይወዳደሩ ነበር፤ ሐማሴን፥ ቴሌና አስመራ ዋንጫውን የወሰዱባቸው ዓመታት አሉ። ያ ሜዳ ዛሬ የሌላ ሀገር ሜዳ ነው። በዚያን ጊዜ ጨዋታው ከሀገር አልወጣም ነበር፤ ኋላ ድንበሩ መጥቶ በመካከል ቆመ።

4. ሆሳዕናና ዱራሜ

ከሀገር ሳይወጡም ከሜዳ መውጣት አለ። ይህን ከሀዲያና ከከምባታ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ ወረደ፤ በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ገባ። በዚያ ዓመት እንግዶቹን በሆሳዕና፥ በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ይቀበል ነበር። ነገር ግን ወረርሽኙ መጣና ውድድሩ ተቋርጦ ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር እጅ ሆኖ ሲጀመር አዲስ ሥርዓት ተዘረጋ። ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፤ ጥቂት ዙር ከተጫወቱ በኋላ ተያይዘው ወደ ሌላው ከተማ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፥ ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ።

ለዚህ ሥርዓት የቀረቡት ምክንያቶች ዋጋ ቢስ አልነበሩም። አንደኛ፥ በሽታውን ለመከላከል ይመች ነበር። ሁለተኛ፥ ለ5 ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር የማሳየት መብት የገዛው የቴሌቪዥን ድርጅት ካሜራውንና መኪናውን በየሳምንቱ ከከተማ ወደ ከተማ ማንከራተት አይችልም ነበር። ሦስተኛ፥ ከዚያ በፊት በየሜዳው ይነሣ የነበረው የደጋፊዎች ጠብ ያሰጋ ነበር። አራተኛ፥ መብራቱም ሣሩም ለቴሌቪዥን የሚበቃ ሜዳ በሀገሪቱ በጣት የሚቈጠር ነው።

ነገር ግን በሽታው ካለፈ በኋላም ሥርዓቱ ለተከታታይ ዓመታት ቀጠለ። ውጤቱ በጉልህ የሚታየው በከምባታው ቡድን፥ በሀምበርቾ ዱራሜ ላይ ነው። ስሙን ከሀምበርቾ ተራራ የወሰደው ይህ ቡድን በ2015 ዓ.ም. ከፍተኛ ሊጉን አልፎ በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። በዚያ ዓመት 16 ቡድኖች ስለነበሩ እያንዳንዱ 15 ጊዜ «ባለ ሜዳ» ሆኗል። ጨዋታዎቹ ግን በአዳማ፥ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄዱ። ሀምበርቾም በዓመቱ መጨረሻ ወረደ። እንግዲህ የዱራሜ ሰው ቡድኑ ወደ ታላቁ ሊግ ሲወጣ ሰማ፤ ሲወርድም ሰማ፤ በመካከሉ ግን አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በከተማው አላየም።

ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ድሬዳዋ ለመድረስ እንደገና ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነው። አንድ ሸማኔ፥ አንድ የባጃጅ ሾፌር ወይም አንድ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ «በሜዳው» የሚጫወተውን ቡድን ያይ ዘንድ መጠበቅ ቀልድ ነው። በሐዋሳ ሲሆን ይሻላል፤ በዐላባ በኩል ደርሶ መመለስ ይቻላል። ነገር ግን እዚያም እውነተኛው ባለ ሜዳ ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና ናቸው። ሥርዓቱ ለሁሉ እኩል ነው ቢባልም፥ የአስተናጋጁ ከተማ ቡድን ብቻ በገዛ ሕዝቡ ፊት ይጫወታል። የማያሚውን ጨዋታ የተቃወሙት ሰዎች የጮኹበት አድልዎ ይኸው ነው።

5. ማን ይከፍላል፥ ማን ያያል

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። በሀገራችን ያሉት አብዛኞቹ ቡድኖች የሚኖሩት ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከከተማ አስተዳደር በሚሰጥ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቡድኑን የሚቀልበው በመጨረሻ ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። ይህ ገንዘብ በከተማው ሜዳ ላይ ሲውል ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ሻይ የምታፈላው፥ ቆሎ የምትሸጠው፥ አልጋ የሚያከራየው፥ ባጃጅ የሚነዳው ሁሉ ይካፈለዋል። ቡድኑ ለወራት በሌላ ከተማ ሲሰነብት ግን የሆቴሉም የምግቡም ወጪ የዚያው ከተማ ገቢ ይሆናል። በቀላል አነጋገር፥ ከአነስተኛው ከተማ ካዝና ወጥቶ ወደ ትልቁ ከተማ ኪስ ይገባል ማለት ነው።

«ቴሌቪዥን አለ አይደለም ወይ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ቴሌቪዥን ትልቅ ጸጋ ነው። ኑሮን ፍለጋ ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱት ብዙ ወንድሞቻችን የሀገራቸውን ቡድን የሚያዩበት መስኮት ነው። ነገር ግን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንደሚባለው፥ ለሜዳው ልጆች የሚጠቅመው አጠገባቸው የሚደረገው ጨዋታ ነው። በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ ያየ ልጅ በማግሥቱ በጨርቅ ኳስ ያንኑ ሊደግም ይሞክራል፤ የወደፊቱ ተጫዋች የሚወለደውም በዚህ መንገድ ነው።

6. ምን ይደረግ

ነቀፌታ ብቻ ማቅረብ የተማሪ ልማድ ነው እንዳንባል፥ በእኔ አስተያየት የሚከተለው ቢታሰብበት መልካም ነው።

በመጀመሪያ፥ የቴሌቪዥኑ ችግር እውነተኛ መሆኑን ተቀብለን፥ እያንዳንዱ ቡድን ከ«ባለ ሜዳ» ጨዋታዎቹ ጥቂቱን እንኳ፥ ሦስት ወይም አራቱን፥ በከተማው እንዲያደርግ ቢፈቀድ ካሜራ ባይኖርም ሕዝብ ይኖራል። ሁለተኛ፥ ለሜዳ መመዘኛ ሲወጣ «አይበቃም» ብሎ ከመዝጋት ይልቅ ምን እንደ ጐደለ፥ በስንት ጊዜ መሟላት እንዳለበት ለየከተማው በጽሑፍ ቢነገር ይሻላል። የከተማ አስተዳደሮችም ለተጫዋች ዝውውር ከሚያወጡት ገንዘብ ቀንሰው ለሣሩና ለአጥሩ ቢያውሉት ተጫዋቹ ቢሄድም ሜዳው ይቀራል። ሦስተኛ፥ ጠብ የሚፈራ ከሆነ፥ ደጋፊን ማስተማርና ጥፋተኛውን መቅጣት እንጂ ከተማን በሙሉ ከጨዋታ መከልከል መድኃኒት አይሆንም።

ወደ ውጭ መውጣትን በተመለከተም ፈጽሞ አይሁን አልልም። አንድ ቀን ሀዲያ ሆሳዕና በጆሃንስበርግ ለወገኖቹ የወዳጅነት ጨዋታ ቢያሳይ ደስታውን የሚጠላ የለም። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ፌዴሬሽን አቋቁመው በየዓመቱ በኳስ ምክንያት ይገናኛሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነጥብ የሚቈጠርበት ጨዋታ ግን የከተማው ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ «ለሆሳዕናና ለዱራሜ ሰው ምኑ ነው?» ላለው ጓደኛችን መልሱ ይህ ነው። የስፔን ሰው አንድ ጨዋታ ሊወሰድበት ሲል ጮኾ አስቀረ፤ የዱራሜ ሰው 15ቱም ተወስደውበት ዝም አለ። ይህ ዝምታ የትዕግሥት ይሁን የተስፋ መቁረጥ፥ በእረፍት ጊዜያችን ወደየቤታችን ስንመለስ ሄደን ብንጠይቅ፥ የሰማነውንም ለሚመለከታቸው ብናሰማ ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቅ ሥራ ይመስለኛል።