የመኪናው ግራሶና የቤታችን ሳፋ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል ያለፈ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፤ በብሎኩ ጥግ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና፣ ከመኪናው ሥር የወጡ ሁለት እግሮች፣ አጠገባቸውም ጥቁር ፈሳሽ ያለበት ሳፋ። ሰበታም ሆነ ቡራዩ፣ ሱሉልታም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ከእነዚያ ሳፋዎች አንዱ የእኔ ነበር። የልጆቼን ልብስ የማጥብበት ሰማያዊ ሳፋ።

ባለቤቴ መካኒክ አይደለም። የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ ዕድሜ እምብዛም የማታንስ ኮሮላ አለችው። እንዲህ ያለች መኪና ያለው ሰው ደግሞ ወደደም ጠላም ግማሽ መካኒክ ይሆናል። ከኮዬ እስከ መሐል ከተማ ያለውን መንገድ ለምታውቁት፣ መኪናዋ ለእኛ ቅንጦት አለመሆኗን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መንዳት የብዙ ቤተሰብ ዕጣ ሆኗል።

የጥገና የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ነው። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ባለቤቴ ተቀምጦ ብሎንና ዳዶ ሲፈትግ ሳይ ሥራ የፈታ ይመስለኝ ነበር። ግራሶ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ የሚያደርገው እርሱ ነው። የኮዬ አቧራና አሸዋ ሲቀላቀልበት ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆንና ሊጠብቀው የተቀባለትን ብረት ራሱ ይበላዋል። በዚያ ላይ በጥቁር ዘይት የተሸፈነ ዕቃ ስንጥቁን፣ የሚያፈስበትን ቦታና የላላውን ብሎን ይደብቃል። ዕቃውን አጽድቶ ወደ ጋራዥ የሄደ ሰው መካኒኩ ችግሩን ሲፈልግ የሚያጠፋውን ሰዓት ቆጥቧል፤ ሰዓቱ የሚከፈልበት መሆኑን አትርሱ።

(በነገራችን ላይ ግራሶ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ኮፈን፣ ካቻቢቴ፣ ላቫጆ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ቋንቋቸው ጋራዥ ውስጥ ቀረ።)

በመለዋወጫ ሱቆች በቆርቆሮ የታሸገ፣ ከውጭ የሚመጣ የሚረጭ ማጽጃ ይሸጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ የብዙ ወንዶች እጅ ወደ ቤንዚን ይሄዳል። ግራሶውን ዓይን እያየ ያቀልጠዋል፤ ፍለጋ መሄድም አያስፈልግም፣ መኪናው ውስጥ አለ። እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ያች ቅዳሜ

ባለቤቴ ካርቡራተሩን ፈትቶ ሳፋዬ ውስጥ አስቀመጠና ሁለት ሊትር ያህል ቤንዚን አፍስሶ ማጠብ ጀመረ። የመረጠው ቦታ ነፋስ የማይገባበትን የሕንፃውን ጥግ ነበር። እኔና ጎረቤቶቼ ደግሞ እዚያው መግቢያው ጋ ቡና ልናፈላ ከሰል አቀጣጥለናል። በመካከላችን ሦስት አራት እርምጃ ቢኖር ነው። ትንሹ ልጃችን ከአባቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባቱ ይመላለሳል። ከሰሉ እንዲፋፋም አራገብሁት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። እሳቱ ከምድጃው ሥር ተነሥቶ እንደ ሰማያዊ ነጠላ መሬት ለመሬት ተዘረጋና ወደ ሳፋው ሮጠ። የተሰማው ድምፅ «ውፍ» የሚል ብቻ ነው።

ልጁ በዚያች ቅጽበት እኔ ዘንድ ነበር። ባለቤቴ ወደ ኋላ ተወርውሮ የእጁ ጸጉርና ቅንድቡ ተለበለበ። አንዷ ጎረቤቴ ባልዲ ውኃ ይዛ ስትሮጥ ከላይ ከፎቁ አንድ ድምፅ «ውኃ አይሆንም! አሸዋ! አሸዋ አምጡ!» ሲል ጮኸ። ኮዬ ውስጥ ሌላው ነገር ቢጠፋ አሸዋ አይጠፋም፤ ቤቱን ከሚያሠራ ሰው ክምር በአካፋ እያመጡ አፈኑት። ውኃው ቢደፋበት ኖሮ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፎ፣ እየነደደ፣ እስከ ደረጃው ይደርስ ነበር።

ያ ድምፅ ከእኛ በላይ የሚኖሩት፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ድምፅ ነበር። ማታ ሊጠይቁን መጡ፤ ሻይ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ብዙ ቆዩ። «ልጄ፣ የሚነደው ቤንዚኑ አይደለም፤ ትንፋሹ ነው» አሉኝ።

እውነትም እንደዚያ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ ውስጥ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየፈሰሰ እሳት ወዳለበት ይደርሳል። እሳቱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ነጭ ጋዝ ግን በክብሪት የሚያዝ ተን ለማውጣት ወደ 40 ዲግሪ፣ ናፍጣ ደግሞ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለባቸው። የኮዬ አየር አብዛኛውን ጊዜ ከ30 አያልፍም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቢሆንም ናፍጣም ሆነ ነጭ ጋዝ ነዳጅ ናቸው፤ በምድጃ አይሞቁም፣ ባልቀዘቀዘ ሞተር ላይ አይደፉም፣ እሳት ካለበትም ይርቃሉ። ቤንዚን ሌላም ጣጣ አለው፤ በውስጡ የደም ካንሰር የሚያስከትል ንጥረ ነገር ስላለ እጅን ነክሮ፣ ፊትን ደፍቶ በእርሱ መሥራት ለሠራተኛውም አይበጅም።

ታዲያ በምን ይጽዳ?

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሕግ የሆነው አሠራር ከሽማግሌው የተማርነው ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ፈሳሽ ከመንካት በፊት የሚጀምር መሆኑ ነው። ዕቃው መጀመሪያ በደረቁ ይፋቃል። ከተሰበረ ሳጥን የወጣ ቀጭን ጣውላ ጫፉን ሹል አድርጎ ከጥግ ከጥጉ መፋቅ፤ አልሙኒየም ከሆነ ቢላዋ አይነካውም፣ ይጫረራል። ከዚያ የእንጨት ሥራ ቤት ጥሎት የሚያድረውን ሰጋቱራ በላዩ ነስንሶ በአሮጌ ጨርቅ ማሸት ነው። ሰጋቱራው ዘይቱን ይጠጣዋል። አብዛኛው ቆሻሻ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሰው ግን አይታገሥም፣ ወደ ፈሳሹ ይቸኩላል።

ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሣ ዋጋው በተደጋጋሚ ጨምሯል፤ ስለዚህ ናፍጣም ቢሆን እንደ ውኃ አይደፋም። ለአንድ ካርቡራተር ወይም ለአንድ ጣሳ ብሎን ግማሽ ሊትር ከበቂ በላይ ነው። ዕቃውን ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ነክሮ ሌሊቱን ማሳደር፣ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ። ጊዜ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ በሁለት ሰዓት ፍትጊያ እምቢ ያለው ግራሶ ሲያድር ራሱ ይለቅቃል። የቆሸሸውም ናፍጣ አይጣልም። በተዘጋ ዕቃ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ ዝቃጩ ከታች ይቀራል፤ የላይኛው ቀስ ተብሎ ተቀድቶ ለሚቀጥለው ጊዜ ያገለግላል። እኛ ያንኑ ግማሽ ሊትር አራት ጊዜ ተጠቅመንበታል።

ናፍጣ ግን ራሱ ዘይት ነውና ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ያንን የሚያነሣው ሳሙና ነው። በአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና በጥብጦ ዕቃውን ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ መፈተግና ማለቅለቅ። የዕቃ ማጠቢያ ላርጎም ይሆናል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ በአንድ ትንሽ ባልዲ ማለቁን ከልምድ እመሰክራለሁ። የታጠበው ብረት ወዲያው ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ሲደርቅም በጨርቅ ጫፍ ስስ ዘይት ይቀባል። ይህን የረሳ ሰው ማታ ያጸዳውን ብሎን ጠዋት ዝጎ ያገኘዋል።

ካርቡራተር ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ነዳጅ የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በልክ የተበሱ ስለሆኑ ሽቦ ወይም መርፌ አይገባባቸውም። ትንሽ ከሰፉ መኪናው ነዳጅ ይጠጣል። በናፍጣ ከታጠቡ በኋላ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ይነፋሉ፤ ዓይንን ከልሎ።

እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት አመድስ? ይሠራል። አመድ ቅባትን ወደ ሳሙና የሚለውጥ ነገር በውስጡ አለው፤ ለብረት ዕቃ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ጨምሮ ማሸት መልካም ነው። አልሙኒየም ግን በአመድ ውኃ ተዘፍዝፎ አይቆይም፣ ይጠቁራል። የአመድ ትልቅ ወንድም የሆነው ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ የአልሙኒየም ቴስታታን እየፈላ ይበላዋል፣ ሲበላውም የሚወጣው ጋዝ ይነድዳል፣ ወደ ዓይን ከተረጨ ዓይን ያጠፋል። በእኛ ቤት አይገባም። በረኪናንም ግራሶ ላይ ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው፤ ቅባቱን አያነሣም፣ ብረቱን ግን ያዝጋል።

ፍሬን ላይ ቁጠባ የለም

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ለፍሬን አይሠራም። የፍሬን ሸራ ናፍጣም፣ ነጭ ጋዝም፣ ዘይትም ሊነካው አይገባም፤ ይጠጣዋል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ወይ አይዝም ወይ ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የብረቱ ክፍል በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ ዘይትም አይቀባም። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየራል። በፍሬኑ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ደግሞ ናፍጣ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ እነርሱ የሚጠቡት በፍሬን ዘይት ብቻ ነው። አቧራውን በአፍም ሆነ በመንፊያ አትንፉት። በአሮጌ መኪኖች ሸራ ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ባለቤቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ መካኒክ ይወስዳታል፤ እኔም አልከራከረውም።

የሃይላንዱ ነገር

ከእሳቱ ይልቅ ዛሬ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የተረፈው ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ የሚቀመጥበት ዕቃ በየቤቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የውኃ ሃይላንድ። ነጭ ጋዝ ውኃ ይመስላል፤ የጠማው ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ክዳኑን ከፍቶ ይጠጣል። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ልጁን አታስመልሱት፤ ማርከሻ ነው ብላችሁ ወተት አታጠጡት። ነዳጁ ሆድ ውስጥ ካለበት ይልቅ የሚጎዳው ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሲገባ ነው። ልብሱ ላይ ከፈሰሰ አውልቁለት፤ ደህና ቢመስልም ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ሳሉና የትንፋሽ መቆራረጡ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የጠጣበትን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ። በእኛ ቤት ናፍጣው የሚቀመጠው ክዳኑ በሚጠብቅ የዘይት ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑም ከመኪናው ዕቃ ጋር ተቆልፎበት ይቀመጣል።

የመጨረሻው ዝቃጭ ወዴት ይሂድ? ወደ ማንሆሉ አይደለም። ግራሶ ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ሲዘጋም የሚገነፍለው ከምድር ቤት ነዋሪዎች ሽንት ቤት ነው። ወደ ሜዳም አይደለም፤ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በአቃቂ ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውኃ የሚወጣባቸው የከርሰ ምድር ጉድጓዶች አሉ። ዝቃጩ በሰጋቱራ ይመጠጥና በላስቲክ ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወጣል፤ የተቃጠለው የሞተር ዘይት ግን በጀሪካን ተጠራቅሞ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጣል።

ስለ እጅ ደግሞ ሚስቶች የምታውቁትን ልድገም። ግራሶ የያዘ እጅ በናፍጣ አይታጠብም፤ ቆዳው ይሰነጣጠቃል። አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት በደረቅ እጅ ላይ አሽቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ከዚያ በሳሙናና በጥቂት ደቃቅ ሰጋቱራ መታጠብ ነው። ስኳርም ይሠራ ነበር፤ ግን በዚህ ዋጋ ማን ስኳር ያባክናል? ቱታው ለብቻው ይዘፈዘፋል፣ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይገናኝም።

ሰማያዊው ሳፋ በዚያች ቅዳሜ ቀልጦ የባሌስትራ ቅርጽ ይዞ ቀረ። ባለቤቴ ሁለት አዲስ ሳፋ ገዝቶ መጣ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለኮሮላዋ። የእርሷ በቀይ ቀለም «መኪና» ተብሎ ተጽፎበታል። ትንሹ ልጃችን ማንበብ ሲጀምር አንብቦ የነገረን የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነበር።