ምስሉ የት ላይ ቀረ?

ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው በስልክም በቴሌግራምም ከሚደርሱት አቤቱታዎች የሚበዛው «ምስሉ አይታይም» የሚለው ነው። ተጠቃሚው ልክ ነው፤ ያየውን ነው የነገረን። ጥፋቱ የሚጀምረው ይህን ሰምቶ በቀጥታ ኮድ ከፍቶ የሚነካካ ባለሙያ ዘንድ ነው። አንድ ፎቶ ከሰርቨር ወይም ከሃርድ ዲስክ ተነሥቶ ስክሪን ላይ እስኪወጣ በቅብብል ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ፋይሉ መድረስ አለበት። የደረሰው ፋይል ተፈትቶ ወደ ፒክስል መቀየር፣ ፒክስሉ በተመደበለት ቦታና መጠን መሣል፣ በመጨረሻም በግራፊክስ ካርዱ በኩል ስክሪኑ ላይ መውጣት ይኖርበታል። ከአራቱ በአንዱ ላይ ቢቀር ተጠቃሚው የሚያየው ብዙውን ጊዜ ያው ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ የት ላይ እንደቀረ ሳላውቅ አንድ መስመር ኮድ አልነካም፤ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆችም እንዳይነኩ እከለክላለሁ።

ድረ ገጽ ላይ ይህን ማወቅ ቀላል ነው። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ12ን ተጭኖ የኔትወርኩን ክፍል መክፈትና ገጹን እንደገና መጫን ነው። ምስሉ 404 የሚል መልስ ካመጣ ፋይሉ አልተገኘም ማለት ነው። በእኔ ሥራ የዚህ ዋናው ምክንያት የፋይሉ ስም አጻጻፍ ሆኖ ይገኛል። ብዙዎቻችን የምንሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። ሥራው የሚጫንበት ሰርቨር ግን ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ ዘንድ በትልቅ ፊደል የተጀመረና በትንሽ ፊደል የተጀመረ ስም ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ቢሮ ውስጥ ሲታይ የከረመው የድርጅቱ አርማ ድረ ገጹ ለሕዝብ በተከፈተ ዕለት የሚጠፋው በዚህ የተነሣ ነው። የፋይል ስም ሁሉ በትንሽ ፊደል ይጻፍ ብሎ ከመጀመሪያው ቀን መወሰን ይበቃል።

መልሱ 200 ሆኖ ምስሉ ግን ሳይታይ ሲቀር ነገሩ ይከብዳል። 200 ማለት ሰርቨሩ አንድ ነገር ሰጥቷል ማለት እንጂ ፎቶ ሰጥቷል ማለት አይደለም። ገብቶ እንዲቆይ የተፈቀደለት ጊዜ ያለፈበት ተጠቃሚ ፎቶ ሲጠይቅ ሰርቨሩ የይለፍ ቃል መጠየቂያውን ገጽ ሊልክለት ይችላል፤ ብራውዘሩ ከዚያ ጽሑፍ ፎቶ ሊያወጣ አይችልም። የአይፎን ፎቶም በዚሁ መንገድ ያስቸግራል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 አይኦኤስ 11ን ካወጣ ጀምሮ አዳዲሶቹ አይፎኖች፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር፣ ፎቶን የሚያስቀምጡት ኤችኢአይሲ በሚባል ዓይነት ነው። አንድ የማመልከቻ ፎርም ጄፔግ ብቻ እቀበላለሁ ሲለው አመልካቹ የፋይሉን ስም መጨረሻ ቀይሮ ያስገባል። ስሙ ጄፔግ ይላል፤ ውስጡ ግን አልተለወጠም። ክሮም ደግሞ ኤችኢአይሲን አይከፍትም። እኔ እንዲህ ያለ ፋይል ሲገጥመኝ ስሙን ትቼ የመጀመሪያዎቹን ባይቶች አያለሁ። እውነተኛ ጄፔግ ምንጊዜም በኤፍኤፍ ዲ8 ይጀምራል። ከአምስተኛው ባይት ጀምሮ ኤፍ፣ ቲ፣ ዋይ፣ ፒ የሚሉ ፊደላት ከተገኙ ግን የያዝነው ጄፔግ አይደለም። ፎቶ የሚቀበል ማንኛውም ፎርም ይህን ምርመራ ሰርቨሩ ላይ ሊያደርግ ይገባዋል፤ በፋይል ስም ብቻ አምኖ መቀበል ችግሩን ለነገ ማሳደር ነው።

ዴስክቶፕ ላይ ኤፍ12 የለም፤ ስለዚህ ዓይንና ጥያቄ ያስፈልጋል። አንድ የግል ትምህርት ቤት ሌላ ሰው ሠርቶለት የነበረውን የተማሪ መታወቂያ ማተሚያ ፕሮግራም እንድንጠግን ሰጥቶን ነበር። ሬጅስትራሯ ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ልጆቹ ተጋድመው ነው እኮ የሚታተሙት። ስልኬ ላይ ሳያቸው ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል።»

«እስቲ አንዱን ፎቶ ይላኩልኝ።»

በቴሌግራም ላኩልኝ። ከፈትኩት፣ ቆሟል። ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባሁት፣ አሁንም ቆሞ ወጣ። «እህቴ፣ ያንኑ ፎቶ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገው ይላኩልኝ» አልኳቸው። ሁለተኛው ሲመጣ ፕሮግራሙ ውስጥ ተጋደመ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ስልኩ ሲያነሣ ፒክስሎቹን የሚጽፈው የካሜራው ሴንሰር በተቀመጠበት አቅጣጫ ነው፤ ስልኩ ቆሞ ከሆነ ፎቶው ተጋድሞ ይቀመጣል። ከፒክስሎቹ ጎን ግን ኤግዚፍ በሚባለው መረጃ ውስጥ ከ1 እስከ 8 ያለ አንድ ቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩ 6 ከሆነ «ስታሳየው 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙረው» ማለት ነው። የስልኩ ጋለሪ ይህን ያነባል፤ ክሮምም እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 81ኛ እትሙ ጀምሮ በራሱ ያነባል። የጃቫ ኢሜጅአይኦና የዶትኔት ሲስተም ድሮዊንግ ግን ቁጥሩን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ፒክስሉን እንዳለ ያወጡታል። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ አሳንሶ፣ አዙሮና እንደገና ጽፎ ነው የሚያደርሰው፤ ቁጥሩም በዚያው ይጠፋል። በዚህ ዓይነት ችግሩን ሊያሳየን የተላከው ፎቶ መንገድ ላይ ተስተካክሎ ይደርሰናል። ጥገናው ፎቶው ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ ቁጥሩን አንብቦ ፒክስሎቹን አንዴ በእውን ማዞርና ያንን ማስቀመጥ ነው። በሚታይበት ሁሉ ማዞር አይመከርም፤ ነገ ሌላ ማተሚያ ወይም ሌላ ሪፖርት ሲጨመር አንዱ ቦታ ይረሳል።

የዚሁ ፕሮግራም ሌላው ሕመም ደግሞ ብዙ ተማሪ ያለበት ክፍል ሲከፈት ድርግም ብሎ መዘጋቱ ነበር። ኮምፒውተሩ አርጅቷል ተብሎ አዲስ ሊገዛ ታስቦ ነበር። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ የስልክ ፎቶ ዲስክ ላይ ከ3 እስከ 4 ሜጋባይት ቢይዝ፣ ያ የታጨቀ መጠኑ ነው። ሊታይ ሲፈታ 4,000 በ3,000 ፒክስል፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት፣ በጠቅላላው 48 ሜጋባይት ሜሞሪ ይወስዳል። የ40 ተማሪ ፎቶ በአንድ ጊዜ ሲከፈት 1,920 ሜጋባይት ይሆናል። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ በተለመደው ሁኔታ የሚፈቀድለት ለራሱ ኮድ የሚይዘውንም ጨምሮ 2 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ምንም ያህል ሜሞሪ ቢኖረው ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ይወድቃል። አዲስ ኮምፒውተር ቢገዛም ያው ነበር። መታወቂያው የሚፈልገው 3 በ4 ሳንቲሜትር ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለጥሩ ኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ቢታሰብ 354 በ472 ፒክስል ይበቃዋል። ይህም ሲፈታ 0.7 ሜጋባይት አይሞላም። ፎቶውን ሲገባ ወደዚህ መጠን ማሳነስ ፕሮግራሙን አዳነው፤ ትምህርት ቤቱም ገንዘቡን ለሌላ አዋለው።

ቪዲዮ ላይ የምወደው አቤቱታ «ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው» የሚለው ነው። ፋይሉ ደርሷል፣ ማጫወቻውም ሠርቷል፣ የቀረው ምስሉን መፍታት ላይ ነው። ኤምፒ4 የሚለው ስም የዕቃ መያዣው ስም ነው፤ ውስጥ ያለው ምስል በምን እንደተጨመቀ አይነግረንም። ከውጭ አገር ዘመድ በአይፎን ቀርጾ የሚልከው የሠርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ በኤች.265 የተጨመቀ ነው። ክሮም ይህን መፍታት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 107ኛ እትም ነው፤ ያም ቢሆን የመሣሪያው ሃርድዌር የሚችል ሲሆን ነው። ላኪው ጋ በሚያምር ሁኔታ የሚጫወተው ቪዲዮ እዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚጠቁረው በዚህ ነው። ሁሉም ጋ እንዲሠራ ከተፈለገ ምስሉን ወደ ኤች.264፣ ድምፁን ወደ ኤኤሲ መቀየር ነው።

አገራችን ላይ ከዚህ የሚብሰው ግን ቪዲዮው ለመጀመር መዘግየቱ ነው። ኤምፒ4 ፋይል ውስጥ የትኛው ክፍል የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለ። ብዙ ቀራጮችና የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ይህን ማውጫ የሚጽፉት መጨረሻ ላይ ነው። ማጫወቻው ማውጫውን ሳያገኝ መጀመር አይችልም፤ ሰርቨሩ ከፋይሉ መሐል ቆርጦ መስጠት የማይችል ከሆነ ደግሞ ሙሉው ቪዲዮ ወርዶ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ተጠቃሚው ክቡ ሲሽከረከር እያየ የገዛው ፓኬጅ ያልቃል። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም «ፋስትስታርት» በሚለው ትእዛዙ ማውጫውን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ምስሉንና ድምፁን እንዳሉ እንዲቀዳ ከታዘዘ እንደገና ስለማይጨምቃቸው ሥራው ፈጣን ነው፣ ጥራቱም አይነካም። ይህን ሳያደርጉ ቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ መጫን የሰውን ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። «ቪዲዮው በራሱ አይጀምርም» የሚለው ግን ብልሽት አይደለም፤ ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተጠቃሚው ሳይነካው በድምፅ የሚጀምርን ቪዲዮ ያግዳል። ድምፁ ከተዘጋ ይጀምራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የራሳችን ፊደል ሲበላሽ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የፊደላችንን ፎንት ይዞ መጥቷል። ዛሬም ግን የአማርኛ ጽሑፍ ተበላሽቶ ሲመጣ «ፎንት ጫኑ» የሚል መልስ እሰማለሁ። የተበላሸበትን መልክ ማየት ይቀድማል። ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ደኅና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። ይህ ዛሬ በብዛት የሚያጋጥመው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፒዲኤፍ ሲዘጋጅ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ የአማርኛ ፎንት ስለሌለ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነፃ ፎንት ጭኖ ፒዲኤፉ ውስጥ ማካተት ያስፈልጋል። አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየመሐሉ እየተደጋገመች ከታየች ግን ፎንት ቢጫን ለውጥ የለውም። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይትም ያው አንድ ነው፣ ኢ1። አንድ ቦታ ላይ ጽሑፉ የምዕራብ አውሮፓ ነው ተብሎ ሲነበብ ያች ባይት በየፊደሉ እንደ «ኤ» ትወጣለች። ንባቡን ማስተካከል በቂ ነው፣ ጽሑፉ አልጠፋም። ዳታቤዙ ውስጥ ራሱ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከታየ ግን የሰውየው ስም ሲገባ ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ፎንትም ኮድም የለም። ያን ዕለት ፕሮግራሙን አስቁሞ መግቢያውን መጠገን፣ የጠፋውንም ከወረቀት መዝገቡ እንደገና መጻፍ ግድ ነው።

የፊደላችን ቁመትም የራሱ ጣጣ አለው። ለላቲን ተብሎ ቁመቱ በፒክስል የተወሰነ ቁልፍ ላይ አማርኛ ሲጻፍ አናቱ ወይም እግሩ ይቆረጣል። ቁመቱን መወሰን ትቶ ከላይና ከታች ክፍተት መስጠት ይሻላል።

ስለ ግራፊክስ ካርድ ብዙ አልልም። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ወይም ምስሉ ከተቆራረጠ የሃርድዌር ማፋጠኛውን አጥፍቶ መሞከር ነው፤ ከተስተካከለ ጥፋቱ ድራይቨሩ ጋ ነውና እሱን ማደስ ይገባል። ፕሮግራሙ ሁሉ ብዥ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የዊንዶውሱን የማሳያ መጠን እዩ፤ 125 በመቶ ላይ ከሆነና ፕሮግራሙ ይህን እንደሚያውቅ ካላስታወቀ፣ ዊንዶውስ ምስሉን ጎትቶ ያሰፋዋል።

አጥብቄ የምቃወመው ልማድ አንድ ነው፤ ለተጠቃሚው «ሌላ ብራውዘር ያውርዱ»፣ «ስልክዎን ይቀይሩ» ብሎ ስልክ መዝጋት። ሰውየው በያዘው ስልክ፣ በከፈለው ዳታ እንዲጠቀም ነው የተቀጠርነው።

እናንተም ተጠቃሚዎች አግዙን። ያስቸገራችሁን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ስትልኩልን እንደ ፋይል ላኩት፤ የስልካችሁን ወይም የኮምፒውተራችሁን ዓይነት ጨምሩበት፤ ድምፅ አለ ወይስ የለም፣ ባዶ ነው ወይስ ጥቁር ነው፣ የጥያቄ ምልክት ነው ወይስ ሣጥን ነው፣ ያያችሁትን እንዳያችሁት ጻፉልን። የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፣ የተጠቃሚው ዋና ፋይል በእጃችሁ ሳይገባ «እኔ ጋ ይሠራል» ብላችሁ አትመልሱ።